ክራር ብቻ አይደለም የሚቃኘው፦ ስድስት ክራንክቤይት፣ አራት ወር፣ አንድ ፒንሳ

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው የገዛኋቸው። ስድስቱ በአንድ ካርቶን፣ ከነመላኪያው 27 ዶላር። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ስድስት ዕቃ አይቶ ኩባንያ መኮነን አይቻልም፤ ማሞገስም እንደዚያው። ደግሞ የምነግራችሁ ነገር በዚህ ዋጋ የሚሸጥ የትኛውም ክራንክቤይት ላይ ሊገጥማችሁ ይችላል።

ለማያውቀው ሰው፣ ክራንክቤይት ትንሽ ዓሣ እንዲመስል የተሠራ ማጥመጃ ነው። የእኔዎቹ 7 ሳንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ውስጣቸው ባዶ የሆነ ፕላስቲክ ናቸው፤ ሆዳቸውና ጭራቸው ላይ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ተንጠልጥሏል። ከአገጫቸው ሥር ጠፍጣፋ ግልጽ ፕላስቲክ ወጥቷል፤ እኔ ምላስ እለዋለሁ። ማጥመጃው ዝም ሲባል ይንሳፈፋል። ክሩ ሲጠነጠን ግን ውሃው ምላሱን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ማጥመጃውም እየተርገበገበ ይጠልቃል። ሩቅ ከተወረወሩ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳሉ።

የማጠምደው ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ነው፣ ከሴንት ፖል በታች፣ ሄስቲንግስ ግድብ ሳይደርስ። እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት። እዚያ ዓሣ ሲባል ቆሮሶ፣ ማጥመጃ ሲባል መረብ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ደግሞ ዓሣ ሲባል ዎልአይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የግዛቲቱ ዓሣ ተብሎ በሕግ ተሰይሟል። ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ከኋላው አለው። ባትሪ ብታበሩበት ያበራል። ለዚህ ነው ሲመሽ የሚበረታው፤ ትንንሾቹ ዓሦች በጨለማው ሲደናበሩ እሱ ያያቸዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን። ስድስቱንም ጀልባው አጠገብ አንድ በአንድ ጎተትኳቸው። ቀጥ ብለው የመጡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አንዱ ትንሽ ያጋድላል። አንዱ ወደ ግራ ይሸሻል። አንዱ ፍጥነት ስጨምርበት ተገልብጦ ሆዱን ሰማይ ላይ አድርጎ ወጣ። ስድስተኛው፣ ብርቱካናማው፣ በግትርነት ወደ ቀኝ ይሄዳል። በጣም ተናደድኩ። መልሼ ልልካቸው ካርቶኑን ሁሉ አሽጌ ነበር።

ያዳናቸው አብሮኝ የሚያጠምድ ጓደኛዬ ነው። እሱ ክራር ይጫወታል። «ክራር ገዝተህ ሳትቃኘው ትመታለህ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ ሥራው ስሙ ቅኝት ሆኖ ቀረ።

ቅኝቱ እንዲህ ነው። ክሩ የሚታሰርበት፣ አፍንጫው ላይ ያለች የሽቦ ቀለበት አለች። ማጥመጃውን ፊቱን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ያዙት። ወደ እናንተ ሲመጣ ወደ ቀኛችሁ የሚሸሽ ከሆነ ቀለበቷን ወደ ግራችሁ ታጎብጧታላችሁ። ወደ ግራ ከሸሸ ወደ ቀኝ። መሣሪያው ጫፉ ሹል የሆነ ትንሽ ፒንሳ ነው። ልኩ ደግሞ የፀጉር ውፍረት ታህል! እኔ የመጀመሪያ ቀን በደንብ ጎበጥ አደረግኳትና በቀኝ የሚሸሸው በግራ መሸሽ ጀመረ። ቀለበቷን ማጠማዘዝ አይሆንም፤ ከተጠማዘዘች ትላላለች። ትንሽ ማጉበጥ፣ ሁለት ሜትር ክር ለቆ መጎተት፣ እንደገና ትንሽ ማጉበጥ። በዝግታ ቀጥ ብሎ መምጣቱ አይበቃም። በኃይል ስትጎትቱትም ካልተገለበጠ ነው ተቃኘ የሚባለው።

ፒንሳ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ሌሎቹን ነገሮች እዩ። አንዱን ማጥመጃ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስቃኝ ቆይቼ፣ ለካ ጥፋቱ የቋጠሮዬ ነው። ክሩን በቀጥታ ቀለበቷ ላይ አስሬው ቋጠሮው ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል። አሁን የምጠቀመው ክሩንና ቀለበቷን የሚያገናኝ ትንሽ የሽቦ መቆለፊያ ነው፤ ማጥመጃው እንደልቡ ይርገበገብበታል። የሆዱ መንጠቆ ጥርስ ከሌላው ጋር ተጠላልፎ ከሆነም ያጋድላል። ምላሱ ጫፉ ተሸርፎ ከሆነ ደግሞ ቅኝት አያድነውም።

በዚህ አገር በጋ ብዙም አልሠሩልኝም። ውሃው ሞቆ ነበር፣ ዓሣውም ጥልቁ ውስጥ። ዝርዝሩን ልዝለለው።

ነገሩ የተለወጠው ጳጉሜ ላይ ነው። ሌሊቱ ቀዘቀዘ። ቴርሞሜትሬ 22 ዲግሪ ሲያነብ የነበረው ውሃ በመስቀል ሰሞን 17 ገባ። ዎልአዩ ትንንሽ ዓሣ እያሳደደ ወደ ድንጋዮቹ ወጣ። እዚህ ወንዙ ውስጥ ዊንግ ዳም የሚባሉ የድንጋይ ክምሮች አሉ። ከዳር ተነስተው ወደ መሃል ይዘረጋሉ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ድሮ የሠሯቸው ናቸው፤ ውሃው ወደ መሃል ተገፍቶ የመርከብ መንገዱን እንዲጠርግላቸው። ብዙዎቹ ዛሬ ከውሃ በታች ናቸው። ላይ ላዩን አንድ መስመር ሞገድ ብቻ ነው የሚታየው። ዓሣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክምሩ በላይ በኩል፣ ውሃው መጥቶ በሚጋጭበት ፊት ለፊት፣ ሥሩ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። እኔ ወደ ኋላው ነበር የምወረውረው፣ ጸጥ ስላለ። ስንት ምሽት በከንቱ አለፈ!

ቅኝት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ማጥመጃው ድንጋዩን ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ መምጣት አለበት። ድንጋይ ሲነካ ለሰኮንድ አቆመዋለሁ፤ ትንሽ ይንሳፈፋል፤ ዓሣው የሚመታው ያኔ ነው። ያልተቃኘ ማጥመጃ ድንጋዩን ሲነካ በጎኑ ይተኛና መንጠቆው ይሰነቀራል። የተቃኘው ግን ቀድሞ ምላሱ ይነካል፣ መንጠቆዎቹ ከኋላ ተሸሽገው ያልፋሉ። ከተያዘም አትሳቡ። ክሩን ልቀቁለት፤ ተንሳፋፊ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደ ኋላ ተንሳፍፎ ይወጣል። ይህን ሳላውቅ ሁለቱን እዚያው ቀብሬያለሁ።

በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል፣ ያ ሲገለበጥ የነበረው ማጥመጃ 24 ኢንች ዎልአይ አመጣልኝ። ለካሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ለቀቅኩት። በዚህ የወንዙ ክፍል ዎልአይ ይዞ ወዲያው መልቀቅ ግዴታ ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ልትለቀው ለምን አደከምከው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ እንከኑ። ድንጋይ ሲነካኩ የሚውሉ ማጥመጃዎች ቅኝታቸው ይፈታል። ትልቅ ዓሣ ከያዙ በኋላም እንደዚያው። እኔ በየምሽቱ ሁለት ሦስቴ ጎትቼ አያቸዋለሁ። ቀለማቸው በሁለት ወር ሆዳቸው ላይ ተላጠ፤ ዓሣው ግድ የሰጠው አይመስልም። መንጠቆዎቹ ግን የእውነት ደካማ ናቸው። አንድ ጥሩ ዓሣ አንዱን ጥርስ አቃንቶብኝ ሄደ፤ ያን ቀን ሁሉንም ቀየርኩ። ስትቀይሩ መጠኑን አትለውጡ፣ ክብደቱ ሚዛኑን ያዛባዋል። ለመንጠቆው ሌላ 11 ዶላር ወጣ። ስለዚህ «ርካሽ ነው» የሚለው ወሬ ግማሹ እዚህ ላይ አለቀ። ሌላው፣ ጓደኛዬ ቶሎ ቶሎ ሲያጎብጣት የአንዱ ቀለበት ላልታ ውሃ ማስገባት ጀመረች። ሱፐር ግሉ አደረግኩበት፣ ለሳምንት ያዘ። አሁን ስታወዛውዙት ውስጡ ይንቦጫቦጫል፣ መንሳፈፉንም ትቷል። ሳጥን ውስጥ አለ፤ ለመጣል አልጨከንኩም።

እገዛቸዋለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ወንዝ ላይ ለሚያጠምድና ለሚታገሥ ሰው ብቻ። ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ትንሽ ጨምሮ ከፋብሪካው ተፈትሾ የወጣ ቢገዛ ይሻለዋል። ያም ቢሆን ድንጋይ ከነካካ ፒንሳ መፈለጉ አይቀርም።

ብርቱካናማውን አልቃኘሁትም። ሞክሬ እንቢ ሲለኝ ተውኩት። ባለፈው ሳምንት ጀልባ አልነበረንም፤ ሴንት ፖል በታች በእግራችን ዳር ዳሩን ስንሄድ ነበር። ዳሩ ሙሉ የተደረደረ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በቀኜ እንዲሆን ቆሜ ከዳሩ ጋር ትይዩ ወረወርኩት። ቀጥ የሚሉት ቀስ በቀስ ከዳሩ ይርቃሉ። እሱ ግን እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ እየሸሸ ድንጋዩን ታኮ መጣ። በሦስት ውርወራ ሁለት ዎልአይ። ጓደኛዬ ፒንሳውን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት።