ከብዕር ወደ ፓርቲ ወይስ እዚያው ብዕር ላይ?

ጋዜጠኞቹ እስክንድር ነጋ እና ተመስገን ደሳለኝ ሁለቱም በጻፉት ታስረዋል። ከተፈቱ በኋላ ግን መንገዳቸው ለየቅል ሆነ።

እስክንድር በ2004 ዓ.ም. 18 ዓመት ተፈረደበት። በ2010 ሊፈታ ሲል «የግንቦት 7 አባል ነኝ» (ያኔ በአሸባሪነት የተፈረጀ ተቃዋሚ ድርጅት ነበር) የሚል ቅጽ ቀርቦለት ፈርም ተባለ። እምቢ አለ። መውጫው በር ላይ እኮ ነው! የማታ ማታ ሳይፈርም ተፈታ። ከዚያ ባላደራ ምክር ቤትን፣ ቀጥሎም ባልደራስ ፓርቲን መሠረተ። ፓርቲው ገና ሳይጠና በ2012 ሰኔ እንደገና ታሰረ። በ2013ቱ ምርጫ ስሙ ከዕጩዎች መካከል ነበር፤ እሱ ግን እስር ቤት። ከተፈታ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ወደ ትጥቅ ትግል ገባ።

ተመስገን በ«ፍትሕ» ጋዜጣ በወጡ ጽሑፎች የተነሳ 3 ዓመት ተፈርዶበት ዝዋይ እስር ቤት ጨርሶ ወጣ። ፓርቲ አላቋቋመም፤ «ፍትሕ»ን በመጽሔት መልክ መለሳት። ያም ሆኖ በ2014 ግንቦት ዳግም ታሰረ። ብዕር ላይ መቆየትም ከለላ አልሆነውም ማለት ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ልዩነቱ አደጋው ላይ አይደለም። ተመስገን ዛሬም የፈለገውን ፓርቲ መተቸት ይችላል። እስክንድር ስለ ተቀናቃኙ ሲናገር ግን ሰሚው መጀመሪያ የሚያስበው የማን መሪ እንደሆነ ነው።