የቤተ ሙከራችንን አየር ላስተካከሉልን ጋሼ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ላመሰግንና ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም ልጠቁም ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የጀመረው ለ12ኛ ክፍሎች መዳብና ናይትሪክ አሲድ ያሳየሁ ቀን ነው። መዳቡ አሲዱ ውስጥ ሲገባ ቡናማ ጭስ ይነሳል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ የሠራሁት ፊዩም ሁዱ ውስጥ ነው (ፊቱ ከፍ ዝቅ የሚል መስታወት ያለው፣ መጥፎ ጋዝ በፋን ስቦ በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ሳጥን ነው)፤ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ፣ ፋኑን አብርቼ። ፋኑ ይጮሃል፤ እኔም በድምፁ አምኜ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጭሱ ግን ወደ ላይ በመሄድ ፋንታ በመስታወቱ ሥር ሾልኮ ወደ እኛ መጣ። ፊት የቆመች አስም ያለባት ተማሪዬ መሳል ጀመረች። ወዲያው ሁሉንም አስወጣኋቸው። ልጅቷ ደህና ሆነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከዚያ ባለሙያ መጣ፣ ባለሙያ ሄደ። አንዱ ሞተሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ አለ። ሌላው ኤሲ ይግባ አለ። ሦስተኛው ቱቦ የማይፈልግ፣ አየሩን በካርቦን አጣርቶ እዚያው ክፍል የሚመልስ ሁድ ላምጣላችሁ አለ። ዋጋውን ስንሰማ ሁላችንም ዝም አልን።

ጋሼን የጠቆመችን የፊዚክስ መምህርት ናት። ገና ካቻቢቴ ሳያወጡ "ዕጣን ይኖራችኋል?" አሉ። ግራ ገባኝ። ከሻይ ክበብ ፍምና ዕጣን አስመጣን። ጭሱን ሁዱ አፍ ላይ ያዙት። ትንሽ ገባ ይልና ተጠማዞ ይመለሳል። ቀጥለው የንፋስ መለኪያቸውን አወጡ፤ በሰከንድ 0.2 ሜትር። ሁድ አፍ ላይ መሆን ያለበት 0.5 አካባቢ ነው።

ጣሪያ ላይ ወጡ። ሲወርዱ "ልጄ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የሚዞረው ወደ ኋላ ነው" አሉኝ።

ሞተሩ በሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር፣ የሚሠራ የ380 ቮልት ነው። ክረምት ላይ የግቢው የመብራት መስመር ሲታደስ ሁለቱ ፌዞች ተቀያይረው ታስረዋል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ የዞረውም ለዚህ ነው። የእኛ ዓይነቱ ሴንትሪፉጋል ፋን (አየሩን በመሃሉ ስቦ በጎኑ የሚወረውር) ደግሞ ተገልብጦም ቢዞር አየሩን የሚገፋው ወደዚያው አቅጣጫ ነው፤ ጉልበቱ ግን በጣም ይወርዳል። ድምፅ አለ፣ ትንሽ ንፋስም አለ፤ ማን ይጠረጥራል? ብሬከሩን አጥፍተው ሁለት ሽቦ አቀያየሩ። አለቀ። መለኪያው 0.5 አለ። የዕጣኑ ጭስ እንደ ክር ተመዞ ገባ። እንባዬ መጣ፤ እውነቴን ነው።

እዚህ ላይ ሂሳባቸውን ተቀብለው መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን "የሚወጣው አየር የት ይሄዳል?" ብለው ተመልሰው ጣሪያ ወጡ። የጭስ ማውጫው አጭር ነው፤ ላዩ ላይ ለዝናብ የተደፋ ክዳን አለው። ክዳኑ ጭሱን ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ከሥሩ ደግሞ የ9ኛ ክፍል መስኮት አለ። እነዚያ ልጆች ስንት ጊዜ "ይሸተናል" ብለዋል! ጋሼ ክዳኑን አንስተው ቱቦውን በላሜራ ከጣሪያው 3 ሜትር ያህል ቀጥ አድርገው አስረዘሙት። ዝናቡስ አልኳቸው። ፋኑ ሲሠራ አየሩ ይገፋዋል፣ ሲቆም የገባችው ውሃ ታች በበሷት ትንሽ ቀዳዳ ትወጣለች። የቤተ ሙከራውን በርም ከሥር ቆርጠው የአየር መግቢያ አበጁለት፤ መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ፋን ብቻውን ምን ይስባል?

ስለ ኤሲውም ጠየቅኳቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ተራ ኤሲ ከውጭ አየር አያመጣም፤ የክፍሉን አየር አቀዝቅዞ መልሶ ያንኑ ያጠጣችኋል፣ ከነጋዙ። የካርቦኑ ሁድ ለአንዳንድ ሥራ ይሆናል፤ ግን ካርቦን ሁሉንም ጋዝ አይዝም፣ ሲሞላም መቀየር አለበት። እኛ በየጊዜው ከየት እናመጣለን?

የተቀበሉን የሁለት ቀን የእጅ ዋጋና የላሜራውን ብቻ ነው። አዲስ ሞተር ሸጠውልን ቢሆን ማናችንም አናውቅም ነበር። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

ሲሄዱ በሁዱ መስታወት የታችኛው ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ለጥፈውልናል። አሁን ከሙከራ በፊት አንድ ተማሪ ያያታል። ወደ ውስጥ ካልተሳበች አሲድ አይከፈትም።

ትምህርት ቤታችሁ ሁድ ካለው ነገ አብሩትና ሶፍት አስጠጉለት። ካልሳበ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጋሼን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ።