ተራ ስልክ፣ ሳምሰንግ ኤክስከቨር ወይስ ዜብራ? ለኮምቦልቻ መጋዘንና ለደሴ ሱቅ የቱ ይሻላል

ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ያለው ሰው ዕቃውን በደብተር ብቻ መቆጣጠር እየከበደው ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ጭነት፣ ደረቅ ወደቡ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ሁሉም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ለስቶር ኪፐሩ በእጅ የሚያዝ ታች ስክሪን መሣሪያ ሊገዛ ያስባል፤ ፕሮፎርማም ይሰበስባል። ከዚያ ግራ ይገባዋል። በፎቶ ሲታዩ ሁሉም ስልክ ይመስላሉ፣ ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ለዚህ ሥራ ራምና ካሜራ ማወዳደር ብዙ አይጠቅምም። ገንዘባችሁ የሚመለሰውም የሚቀልጠውም ሴቲንጉ ላይ ነው። ማን ያስተካክለዋል? ሠራተኛው ሳያውቅ ቢነካካው ምን ይሆናል? ዕቃው የሚመዘገብበት አፕ ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል? ንጽጽሬ በእነዚህ ላይ ነው።

የማወዳድራቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው ሁላችንም የምንይዘው ተራ አንድሮይድ ስልክ ነው፤ ቴክኖም ይሁን ሳምሰንግ ኤ። ሁለተኛው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤክስከቨር7 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ፣ ለሥራ ቦታ ተብሎ የተጠናከረ ስልክ። ሦስተኛው ዜብራ ቲሲ22 ከወንድሙ ከቲሲ27 ጋር ነው። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡ ሲሆን የባርኮድ ማንበቢያው አብሯቸው ተሠርቷል። ሁሉም የሚሠሩት በአንድሮይድ ነው። ስለዚህ ስልክ መጠቀም የለመደ ሠራተኛ አንዳቸውም አይከብዱትም።

ባርኮድ ማንበብ

ተራ ስልክ በካሜራው ያነባል። በቀን ጥቂት ዕቃ ለሚሸጥ ሱቅ ይህ ይበቃል። ደሴ ፒያሳ ወይም አራዳ የመለዋወጫ ወይም የኮስሜቲክስ ሱቅ ካላችሁ ሌላ ፍለጋ አትድከሙ። ችግሩ ብዛት ሲመጣ ነው። ካሜራው ፎከስ እስኪያደርግ መጠበቅ አለ። መጋዘኑ ጨለም ካለ ፍላሽ ማብራት አለ። ካርቶኑ በላስቲክ ከተጠቀለለ ደግሞ ላስቲኩ እያብለጨለጨ ያስቸግራል። መኪና ቆሞ፣ ጫኝና አውራጅ እየጠበቀ፣ በመቶ የሚቆጠር ካርቶን በዚህ መንገድ ማንበብ ሥራ ማጓተት ነው።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ ለተራው ስልክ የብሉቱዝ ባርኮድ ሪደር መግዛት። ሪደሩ ስልኩ ላይ እንደ ኪቦርድ ሆኖ ይገናኛል፤ ያነበበውን ቁጥር አፑ በተከፈተበት ሳጥን ውስጥ ይጽፋል። ግን ሁለት ሴቲንግ ካላስተካከላችሁ ያናድዳል። ሪደሩ እንደተገናኘ የስክሪኑ ኪቦርድ ይጠፋል። ሠራተኛው የካርቶኑን ብዛት በጣቱ ሊጽፍ ሲል የሚጽፍበት የለም፤ ብዙ ሰው ስልኩ ተበላሸ ይላል። አልተበላሸም። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ቋንቋና ኪቦርድ የሚናገረውን ክፍል ክፈቱ፤ ፊዚካል ኪቦርድ የሚለውን ግቡና የስክሪኑ ኪቦርድ አብሮ እንዲታይ አብሩት። እዚያው ላይ የፊዚካል ኪቦርዱን አቀማመጥ እንግሊዝኛ አድርጉት። ሪደሩ የሚልከው እንደ ኪቦርድ የቁልፍ ምልክት ነው፤ አቀማመጡ ሌላ ከሆነ በባርኮዱ ውስጥ ያሉ ፊደሎች ተቀይረው ይገባሉ። የአማርኛውን ጽሑፍ በጂቦርድ (በጉግል ኪቦርድ) በስክሪኑ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ኤክስከቨር7 የሚያነበው በካሜራ ነው። ከተራው ስልክ የሚለየው ጎኑ ላይ ለፈለጋችሁት ሥራ የምትመድቡት ቁልፍ ስላለው ነው። ኖክስ ካፕቸር የሚባለውን የሳምሰንግ አፕ ከቁልፉ ጋር ስታያይዙት፣ ሠራተኛው ቁልፉን ተጭኖ ያነባል፣ ቁጥሩም ወደ መጋዘኑ አፕ ይገባል። ጥሩ ነው። ፍጥነቱ ግን ያው የካሜራ ፍጥነት ነው። የአፑን ፈቃድና ክፍያ ሻጩ በጽሑፍ እንዲነግራችሁ አድርጉ።

ዜብራ ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይለያል። ቁልፉ ይጫናል፣ ብርሃን ይወጣል፣ ቢፕ ይላል፣ አለቀ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ዳታዌጅ የሚባለው አብሮት የሚመጣ አፕ ነው። እኔ ለዜብራ የሚከፈለው ገንዘብ ግማሹ የዳታዌጅ ዋጋ ነው ባይ ነኝ። ለእያንዳንዱ አፕ የራሱን ፕሮፋይል፣ ማለትም የአነባበብ ሴቲንግ ስብስብ፣ ታዘጋጁለታላችሁ። የመጋዘኑ አፕ ሲከፈት አንድ ዓይነት አነባበብ፣ የማስረከቢያው አፕ ሲከፈት ሌላ ዓይነት። ሠራተኛው ምንም አይቀይርም፤ አፑን ሲከፍት ፕሮፋይሉ ራሱ ይከተላል።

በፕሮፋይሉ ውስጥ ሁለት ነገር ሳታስተካክሉ ሥራ አትጀምሩ። አንደኛው፣ ካነበበ በኋላ ኢንተር ራሱ እንዲጫን ማድረግ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሠራተኛው ከእያንዳንዱ ካርቶን በኋላ ስክሪን መንካቱ ይቀርለታል። ሁለተኛው፣ የማያስፈልጋችሁን የባርኮድ ዓይነት ማጥፋት ነው። ካርቶን ብዙ ተለጣፊ ይዞ ይመጣል፤ የፋብሪካው አለ፣ የማጓጓዣው አለ፣ የምርቱ አለ። የእናንተ ኮድ 128 ብቻ ከሆነ እሱን ብቻ ክፍት አድርጉ። ያኔ መሣሪያው የተሳሳተውን የማንበብ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።

ስታዝዙ ደግሞ ቲሲ22 በሁለት ዓይነት ማንበቢያ እንደሚመጣ እወቁ። ኤስኢ4710 ለቅርብ ነው። ኤስኢ55 ደግሞ ትልልቅ ተለጣፊ ከሆነ እስከ 12 ሜትር ገደማ ድረስ ያነባል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ዕቃችሁ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ካልተደረደረ ለሩቁ አትክፈሉ።

ብዙ መሣሪያ ሲሆን

ሁለት ሦስት መሣሪያ በእጅ ይስተካከላል። ከዚያ ሲያልፍ ግን አንዱ ላይ የበራው ሌላው ላይ ይረሳል፣ ሠራተኛም «የኔ እንደሱ አይሠራም» ማለት ይጀምራል። ዜብራ ለዚህ ስቴጅናው የሚባል መሣሪያ አለው። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ፣ የሰዓት ቀጠናውን፣ የሚጫኑትን አፖች ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አንዴ ታዘጋጃላችሁ፤ ባርኮድ ሆኖ በወረቀት ይታተማል። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ያንን ወረቀት ያነባል፣ ሴቲንጉም ይገባለታል። የዳታዌጅ ፕሮፋይልም ከአንዱ መሣሪያ በፋይል ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል።

ሳምሰንግ ተመሳሳይ ሥራ ኖክስ በሚባለው የራሱ የመሣሪያ መቆጣጠሪያ በኩል ይሠራል፤ ግን አካውንት መክፈትና መሣሪያዎቹን ማስመዝገብ ይጠይቃል። ተራ ስልክም ቢሆን የድርጅት ስልኮችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር የመቆጣጠሪያ አገልግሎት ካላችሁ አዲሱን ስልክ ስትከፍቱ የሰላምታውን ገጽ 6 ጊዜ ስትነኩት የኪውአር ኮድ ማንበቢያ ይመጣል፤ በዚያ ማዋቀር ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ብዙም አይገጥማችሁም።

እዚህ ላይ ሰው ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ከዚያ የወጣ አንድ ጎበዝ ልጅ ቀጥሮ ዳታዌጁንና ስቴጅናውን እንዲይዘው ማድረግ፣ ተጨማሪ መሣሪያ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ስክሪኑን መቆለፍ

ሥራ ላይ ያለ መሣሪያ ውስጥ ቲክቶክ ከገባ ባትሪውም ሰዓቱም አለቀ። በተራ ስልክ አንድን አፕ ስክሪኑ ላይ ሰክቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ ስር አለ። ሲወጣ ፒን እንዲጠይቅ ካላደረጋችሁት ግን ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ መውጣት ቀላል ነው። ዜብራ ኢንተርፕራይዝ ሆም ስክሪን የሚባል አለው፤ እናንተ የመረጣችኋቸው አፖች ብቻ ይታያሉ፣ ሴቲንጉም ይዘጋል። ሳምሰንግ በኖክስ ይህንኑ ይሠራል። በዚህ ነጥብ ሁለቱን እኩል አደርጋቸዋለሁ።

ቀኑን አትንኩት

ይህን ነጥብ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው እኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ጣጣ ስለሆነ ነው። ስክሪኑ ላይ የኛ ቀን እንዲታያቸው ብለው የመሣሪያውን ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይሩ አሉ። ሰዓቱንም ከ8:00 ወደ 2:00 ያዞሩታል። ለሰው ዓይን ይመቻል። አፑ ግን ይታመማል። አፖች ከሰርቨር ጋር የሚገናኙት የጊዜ ገደብ ባለው ሰርተፊኬት፣ ማለትም የሰርቨሩን ማንነት በሚያረጋግጥ ዲጂታል ማስረጃ ነው። መሣሪያው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ከሄደ ሰርተፊኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋልና ግንኙነቱን ይከለክላል። ሠራተኛው «ኔትወርክ የለም» ይላል፤ ኔትወርኩ ግን አለ። ሰዓቱ የተዛባ እንደሆነ ደግሞ ጠዋት የገባው ዕቃ ማታ የወጣ ሆኖ ይመዘገባል።

መፍትሔው ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጎ፣ ቀጠናውን ጂኤምቲ+3 ላይ መተው ነው። አቆጣጠሩን 24 ሰዓት አድርጉት፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት 8:00፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ሆኖ ስለሚታይ አይምታታም። የኢትዮጵያ ቀን የግድ ካስፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ) ደረሰኝ የሚቆርጥ የመንግሥት ግምጃ ቤት ከሆናችሁ፣ አፑን ከሚሠራላችሁ ሰው ላይ ጠይቁ። ሪፖርቱ ላይ ቀይሮ ማሳየት የሱ ሥራ ነው።

ሲም፣ ባትሪ፣ ጓንት

ቲሲ22 ሲም አይወስድም፤ ዋይፋይ ብቻ ነው። ቲሲ27 ሲም ይወስዳል። ሁለቱ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ፕሮፎርማ ላይም በአንድ ቁጥር ነው የሚለያዩት። መጋዘን ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቲሲ22 ይበቃል። ዕቃ ጭኖ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ላይ ለሱቆች የሚያስረክብ ሰው ግን ቲሲ27 ወይም ኤክስከቨር ያስፈልገዋል። ኤክስከቨር7 ሲም ይወስዳል።

ከሁሉ በላይ ግን አፑ ኔትወርክ ሲጠፋ የተነበበውን መያዝ መቻል አለበት። ሻጩ ፊት ለፊት ፈትኑት። መሣሪያውን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉ፣ ጥቂት ዕቃ አንብቡ፣ አፑን ዝጉት፣ ክፈቱት፣ ከዚያ ኔትወርኩን መልሱ። ያነበባችሁት ካልተላከ ወይም ሁለቴ ከተላከ አፑን አትግዙ። ውድ መሣሪያ መጥፎ አፕን አያድነውም።

መብራት በሚጠፋበት ከተማ የሚወልቅ ባትሪ ትልቅ ነገር ነው። የኤክስከቨር7 ባትሪ 4050 ሚሊአምፒር ነው፣ ይወልቃል። የቲሲ22 መደበኛው 3800 ነው፣ እሱም ይወልቃል፤ 5200 የሆነ ትልቅ ባትሪም ይሸጥለታል። መለዋወጫ ባትሪውን ከመሣሪያው ጋር አብራችሁ እዘዙ፤ ለብቻው በኋላ መፈለግ አድካሚ ነው። ተራው ስልክ ፓወር ባንክ ይዞ መዞር ነው። ሳምሰንግና ሌሎች ብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስተካክሉ፤ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ያስተኛዋል፣ መረጃ መላኩም ይቆማል። በባትሪ ሴቲንግ ውስጥ የመጋዘኑን አፕ ፈጽሞ ከማይተኙት ተርታ አስገቡት።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጠዋቱ ብርድ ጓንት ያጠለቀ ሠራተኛ ሲነካው ስክሪኑ መታዘዝ አለበት። ኤክስከቨር ላይ ዲስፕሌይ ስር የንክኪ ስሜታዊነት የሚለውን አብሩ፤ ዜብራም በጓንት የሚሠራበት ምርጫ አለው። ዝናብ ላይ ግን ስሜታዊነቱ ሲጨምር የውሃ ጠብታም እንደ ጣት ሊቆጠር ስለሚችል አጥፉት። ሁለቱም አይፒ68 ናቸው፤ አቧራና ውሃ አያሳስባቸውም።

ማን የቱን ይግዛ

ለሱቅ ተራ ስልክ፤ ሽያጩ በርከት ካለ ብሉቱዝ ሪደር ጨምሩበት። ከሱቅ ሱቅ ለሚዞር አከፋፋይ፣ ደንበኛ ለሚደውልለት፣ ፎቶ ለሚያነሳ፣ በቴሌብር ለሚቀበል ኤክስከቨር7። ካርቶን በብዛት ለሚገባና ለሚወጣበት የኮምቦልቻ መጋዘን ዜብራ፤ እዚህ ላይ አላመነታም። ገንዘብ ካጠረ ለሁሉም ሠራተኛ ርካሽ ከመግዛት፣ ገቢና ወጪ በር ላይ ላሉት ብቻ ዜብራ ገዝቶ ሌላውን በተራ ስልክ ማሠራት ይሻላል።

ፕሮፎርማውን ቶሎ ቶሎ አሳድሱ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ብዙ አይቆይም። በዚህም ምክንያት ያገለገለ ዜብራ ወይም ስሙ ያልታወቀ ተመሳሳይ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው አለ። አልከለክልም፤ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ፕሌይ ስቶር አለው? ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩ አንዳንዶቹ የጉግል አገልግሎት የላቸውም፤ በሱ ላይ የተመረኮዘ አፕ አይሠራባቸውም። ከዚያ ፋብሪካ ሪሴት አስደርጋችሁ፣ እዚያው ከዋይፋይ ጋር አገናኙት። ሲነሳ «ይህ መሣሪያ የእገሌ ድርጅት ነው» የሚል መልእክት ካመጣ፣ ከቀድሞ ባለቤቱ መቆጣጠሪያ አልተፈታም ማለት ነው። ሻጩ ምንም ቢቀንስላችሁ አትውሰዱት።