ጅማ ላሉ ወላጆች፦ አንዲት መምህርት ልጠቁማችሁ

ጅማ ውስጥ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን አንብቡልኝ። በመንደራ ቆጪ በመኖሪያ ቤታቸው ግቢ ትንንሽ ልጆችን ሰብስበው የሚያስተምሩ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። ልጆቹም ወላጆቹም «እትዬ» እንላቸዋለን። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልወደዱ እዚህም በዚሁ ልጥራቸው። ልጄ እርሳቸው ዘንድ ቆይታ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ምስጋናዬን ሳልናገር ዓመቱ እንዲያልቅ አልፈለግሁም።

ከዚያ በፊት የነበረችበት መዋዕለ ሕፃናት ስሙ ይቅር። ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ማታ ማታ ገጽ ሙሉ የቤት ሥራ ይሰጣት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማት ጀመር፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል። የበሽታውን ስም ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገንም።

እትዬ ዘንድ ደብተር የለም። ያለው ጭቃ፣ ሰም፣ ጥጥ፣ የእንጨት ትርፍራፊ፣ ብዙ ዘፈንና ብዙ ተረት ነው። መንገዱን እኔ ፈጠርሁት አይሉም። መነሻው ዋልዶርፍ የሚባለው የትምህርት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ የዋልዶርፍ አስቶሪያ ሲጋራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ኤሚል ሞልት ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁምለት ኦስትሪያዊውን ሩዶልፍ ሽታይነርን ጠየቀው፤ ስሙም ከፋብሪካው ተወሰደ። (የሕፃናት ትምህርት ቤት በሲጋራ ስም መጠራቱ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።) ወንዱና ሴቷ፣ የሠራተኛውና የባለጸጋው ልጅ አንድ ክፍል ተቀመጡ፤ በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ ነበር። ልጆቹ ሰባት ዓመት ግድም እስኪሆናቸው ለንባብ አይቸኮልም፤ እስከዚያ የሚሠራው እጅ፣ እግር፣ ጆሮና ምናብ ነው። ከፍ ሲሉ ደግሞ አንዱን የትምህርት ዓይነት ለሦስትና ለአራት ሳምንት በየጠዋቱ ይማሩታል፤ በታተመ መጽሐፍ ፋንታም የራሳቸውን መጽሐፍ እየሣሉና እየጻፉ ያዘጋጃሉ።

ሽታይነር አንትሮፖሶፊ ያለው መንፈሳዊ ፍልስፍናም ነበረው፤ ስለ ዘር የተናገራቸው አንዳንድ ነገሮችም ለጆሮ ይከብዳሉ። ይህን አንስቼ እትዬን ብጠይቃቸው፣ «እኔ ከሰውየው የወሰድሁት ጭቃውንና ተረቱን ነው። ሃይማኖትማ እዚህ የሚመጣው ልጅ ሁሉ ከየቤቱ ይዞ ይመጣል» አሉኝ። መልሱ በቂዬ ነበር።

ይበልጥ የማደንቃቸው ዘዴውን የጅማ ስላደረጉት ነው። በአውሮፓ የዋልዶርፍ ልጆች ባለቀለም የንብ ሰም በእጃቸው እያሹ ቅርጽ ያወጡበታል፤ ያን ከውጭ እናስመጣ ቢባል የክፍያው ነገር አይነሣም። ማር በሞላበት አገር ግን ሰም አይጠፋም። እትዬ ሰፈፉን ከጠጅ ጣዮች ይገዛሉ፣ ያነጥሩታል፣ በእርድ ቢጫ ያደርጉታል። ሰሙ በመዳፍ ሙቀት እስኪለሰልስ መጠበቅ ግድ ነው፤ ችኩል ልጅ ምንም አይሠራበትም። የእኔዋ ችኩል ነበረች። ለሥዕል የቀይ ሥር ውኃና የቡና አተላ አለ። በበርጩማዋ በታወቀች ከተማ ደግሞ የዋንዛ ቁራጭ ከእንጨት ሥራ ቤቶች በነጻ ይገኛል። ልጆቹ ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ካዩ በኋላ፣ ፎቶግራፍ ሳያዩ፣ ከትዝታቸው ብቻ በጭቃና በእንጨት ሠሩት። ፎቁ ዘሟል፤ ሰገነቱ ግን ቁልጭ ብሏል።

ፊደልም ከሥዕል ነው የሚመጣው። ዐይን ይሥላሉ፤ ዐይኑ እየቀለለ ሄዶ «ዐ» ይሆናል። ቤት ይሥላሉ፤ ጣራውና ሁለቱ ግድግዳዎች ብቻ ሲቀሩ «በ» ይወጣል። ሁለቱ ፊደላት በጥንት ስማቸው ዐይንና ቤት እንደሚባሉ ስንቶቻችን እናውቃለን? ብዙዎቹ ልጆች በቤታቸው አፋን ኦሮሞ ስለሚናገሩ የቁቤውን ፊደላትም በዚያው መንገድ ያሳዩአቸዋል። ተረቱ አንድ ቀን በአማርኛ፣ አንድ ቀን በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከመጽሐፍ ሳይነበብ በቃል ይነገራል፤ አንዱ ተረት ልጆቹ ራሳቸው እስኪያወሩት ድረስ ለቀናት ይደጋገማል።

አማቴ መጀመሪያ የሰሙ ዕለት፣ «ጭቃ ለማቡካት ነው ገንዘብ የምትከፍሉት? እኛማ በነጻ ነበር ያቦካነው!» ብለውናል። አንድ አባት ደግሞ ወንድ ልጃቸው እንዝርት ይዞ ጥጥ ሲፈትል አግኝተው ተቆጡ። እትዬ በእርጋታ፣ «የለበሱትን ጋቢ የሠራው ሸማኔ ወንድ አይደለም እንዴ?» አሏቸው። ልጁ መፍተሉን ቀጠለ፤ አባትየውም ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣቸውም።

አሁን ደግሞ ቅሬታ ሊሆንባችሁ የሚችለውን ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ የምታንበለብል ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ እዚያ አትሂዱ። ደረጃና የውጤት ካርድም የለም፤ በዓመቱ መጨረሻ እትዬ ወላጅን አስቀምጠው ስለ ልጁ በቃል ይነግሩታል፤ ወሬውም ረዥም ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቴሌቪዥንና ስልክ ለልጅ አይሰጥም ይላሉ። ይህ በእኛ ቤት ከልጅቷ ይልቅ አባቷን ነው ያስቸገረው። የጅማ ዝናብም አያግዳቸውም፤ ቡት ጫማ አስጠልቀው ልጆቹን ወደ ውጭ ያወጧቸዋል፤ እጥበቱ የእናንተ ነው። የእኔ ልጅ ማንበብ የጀመረችው እኩያዋ ከሆነው የአክስቷ ልጅ በጣም ዘግይታ ነው። በሰባት ዓመቷ ጀመረችና በጥቂት ወራት ደረሰችበት፤ ሌላው ልጅ ሁሉ እንዲሁ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

አንደኛ ክፍል ስትገባም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከብደዋት ነበር። ብዙ ልጆች ባሉበት ክፍል ተቀምጦ ከሰሌዳ መገልበጥ አልለመደችም። እትዬ ይህን ሲሰሙ ማንም ሳይልካቸው ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ሄደው ከክፍሏ መምህር ጋር ተነጋገሩ። ልጅቷ በተረት መልክ የሰማችውን እንደማትረሳ፣ እጇ ሥራ ካልያዘ እንደምትቅበጠበጥ አስረዷቸው። ክፍያው ካበቃ ወራት አልፈዋል፤ ያን ዕለት የባጃጁንም ሒሳብ የከፈሉት ራሳቸው ናቸው። ይህን ምስጋና የጻፍሁት ከሁሉ በላይ ስለዚያ ቀን ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ።

የሚቀበሏቸው ልጆች ጥቂት ስለሆኑ ምዝገባው ነሐሴ ሳይገባ ይሞላል። ክፍያቸው ከተማው ውስጥ ካሉት የግል መዋዕለ ሕፃናት ከብዙዎቹ ያንሳል፤ ማነስ የለበትም ነበር፣ ነግሬያቸው አልሰሙኝም። ቤቱን ማየት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን አስፈቅጄ እመራችኋለሁ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ ለማንም በር አይከፍቱም።