ተጣጣፊ የጥምቀት ገንዳ፦ ባለ 2.60 እና ባለ 3 ሜትሩ ኢንቴክስ ለአጥቢያ ይሆናሉ?

አምነው፣ የጥምቀት ትምህርት ጨርሰው፣ «ውሃ እስኪገኝ» ተብለው ወራት የሚጠብቁ ምዕመናን አሉ። ይህ ልክ አይደለም። ጥምቀት እንደማያድን እናምናለን፤ በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ ሳይጠመቅ ገነት ገብቷል፣ ኤፌሶን 2፥8ም ጸጋና እምነትን እንጂ ውሃን አይጠቅስም። ሆኖም በማቴዎስ 28፥19 የታዘዘ ነውና ያመነ ሰው ሊያዘገየው አይገባም። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ላይ ውሃ እንዳየ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ ነው የጠየቀው። በኪራይ አዳራሽ የሚያመልክ፣ በአካባቢው ያለው ወንዝ እንደ አቃቂ የተበከለበት አጥቢያ ታዲያ ምን ያድርግ? ኢንቴክስ የተባለው ኩባንያ ለቤተሰብ መዋኛ ብሎ የሚሠራቸው ባለ ብረት ፍሬም ገንዳዎች ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ናቸው። በእኛ ግምገማ ትንሹ ይሻላል። (የምንናገረው አምነው የሚጠመቁትን በማጥለቅ ለሚያጠምቁ አጥቢያዎች፣ ለምሳሌ ለቃለ ሕይወትና ለሙሉ ወንጌል ነው።)

ትንሹ ርዝመቱ 2.60፣ ወርዱ 1.60 ሜትር፣ ከፍታው 65 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 2,282 ሊትር ይይዛል። ትልቁ 3 በ2 ሜትር፣ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር፣ የሚይዘውም 3,834 ሊትር ነው። በደቂቃ 15 ሊትር የሚሰጥ ቧንቧ ትንሹን በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ትልቁን ከአራት ሰዓት በላይ ይሞላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥልቀቱ ላይ ነው። ትንሹ ሲሞላ ውሃው 58 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቆሞ ያለን ሰው ወደ ኋላ አስተኝቶ ለማጥለቅ ይህ አይበቃም፤ ተጠማቂው ጉልበቱን ሲያጥፍ ሚዛኑን ይስታል፣ አጥማቂውም ወገቡን ይጎዳል። ተጠማቂው ይቀመጥ። እግሩን በርዝመቱ አቅጣጫ ይዘርጋ፤ በወርዱ ከሆነ 1.60 ሜትሩ ላይ ጭንቅላቱ ጠርዝ ይመታል። ተቀምጦ ውሃው ደረቱ ድረስ ይደርሳል። አጥማቂው ከገንዳው ውጭ በጉልበቱ ተንበርክኮ አንድ እጁን ከማጅራቱ ሥር ያስገባል፣ ተጠማቂው በራሱ እጅ አፍንጫውን ይይዛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይተኛል። መላ አካሉ ይጠልቃል፤ በሮሜ 6፥4 የተነገረው መቀበርና መነሣት በግልጽ ይታያል። አጥማቂው የግድ አብሮ መግባት ከፈለገ ብቻ ትልቁን ይግዙ።

ገንዳው ደረጃ የለውም። እርጥብ ጋውን የለበሰች እናት 65 ሳንቲ ሜትር ስትሻገር ጠርዙን ትደገፋለች፤ ብረቱ ይጎብጣል፣ ውሃውም ይፈሳል። ከውጭ ጠንካራ የእንጨት በርጩማ አስቀምጡ፣ ሁለት ዲያቆናትም ግራና ቀኝ ይቁሙ። ስስ ነጭ ጋውን ሲረጥብ ገላ ያሳያል፤ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። ጨርቁ ወፈር ያለ ይሁን፣ ከታች ጠርዙ ውስጥ ሳንቲም ይሰፋበት።

ክብደቱን ሳታሰሉ ፎቅ ላይ እንዳትተክሉ። የትልቁ ውሃ ብቻ በካሬ ሜትር 640 ኪሎ ገደማ ይጫናል፣ የትንሹ 550። የስብሰባ አዳራሽ ወለል በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 500 ኪሎ ነው። ስለዚህ ቦታው መሬት ላይ ያረፈ ወለል ነው። ወለሉን በውሃ ልክ ፈትሹ፤ ካዘነበለ ውሃው አንዱን ጎን ይገፋና ፍሬሙ ይከፈታል። ጠጠሩን ጠርጋችሁ ወፍራም ሸራ ወይም ምንጣፍ ከሥር አንጥፉ።

የደጋ ውሃ ይቀዘቅዛል። የትንሹን ውሃ ከ17 ወደ 30 ዲግሪ ለማድረስ 35 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያ ከ17 ሰዓት በላይ መሥራት አለበት ማለት ነው። እኛ የምንመክረው የፈላ ውሃ ነው፦ በምድጃ የፈላ 200 ሊትር ወደ 23 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ ለአጭር ጊዜ ይህ ይበቃል። ፍል ውሃውን ግን ፕላስቲኩ ላይ በቀጥታ አታፍስሱ፤ ሌላው ውሃ ከገባ በኋላ መሀል ላይ እየጨመሩ ማማሰል ነው። በኤሌክትሪክ ካሞቃችሁ ማንም ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ከግድግዳ ይነቀል፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ባለ ገመድ ማይክሮፎንም ከገንዳው ይራቅ። በ2005 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ዌኮ ከተማ አንድ መጋቢ ጥምቀት ሊያደርግ ውሃ ውስጥ ቆሞ ማይክሮፎን ሲይዝ በኤሌክትሪክ ሕይወቱ አልፏል።

ብዙ ሰው የሚጠመቅ ከሆነ ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና 90 ሚሊ ሊትር ለትንሹ በቂ ነው፤ ከቡና ሲኒ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ማፍሰሻው ቀዳዳ በማያያዣ ጎማ ስለሚቀበል ውሃውን ወደ ግቢ ማውጣት ይቻላል፤ ከታች የሚቀረው በጆግ ይቀዳል። ፕሮግራሙ እንዳለቀ የዚያኑ ቀን አፍስሱት። ለሕፃን መስጠም ግማሽ ሜትር ውሃ ከበቂ በላይ ነው፤ እስኪፈስ ድረስ አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታል፤ የብረቶቹ ማያያዣ ፒኖችም ተቆጥረው በአንድ ከረጢት ከገንዳው ጋር ይታሰሩ፤ አንዱ ከጠፋ በሚቀጥለው ጊዜ ፍሬሙ አይቆምም።