ሀዋይ ላይ ድንኳን ለመትከል፦ የ32 ዶላሩ፣ የ90ው ወይስ የ354ቱ?

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። "ሀዋይ ድንኳን ውስጥ ነው አሉ ያደራችሁት፤ ይቻላል እንዴ? ስንት አወጣችሁ?" አንዱን በስልክ፣ አንዷን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሁለቱን ደግሞ በቴሌግራም ድምፅ እየቀዳሁ ስመልስ ደከመኝ። ለአምስተኛው ይቺን እልካለሁ።

እናቴ እንኳ መጀመሪያ ስነግራት "ድንኳን? ምነው፣ ማን ሞተ?" ነው ያለችው። አትፍረዱባት። እኛ ሰፈር ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሆኖሉሉ ያለችበት ኦአሁ ደሴት፣ የካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) ፓርክ፣ ከተቻለ ቤሎስ የሚባለው ባሕር ዳርቻ፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ። 32 ዶላር። በሰው አይደለም፣ በአዳርም አይደለም፤ ለአንድ ቦታ፣ ለሦስት አዳር፣ እስከ 10 ሰው። እኛ አራት ነበርን፤ ሲካፈል በሰው በአዳር 2 ዶላር ከ67 ሳንቲም መጣ። እኔ የምኖርበት ሲያትል ውስጥ በዚህ ገንዘብ ማኪያቶ አይገኝም።

ግን እዚህ የደረስኩት አንዴ በደንብ ከተላጥኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሕጉ። ብዙ ሰው "የሀዋይ ባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው" ሲባል ይሰማና የፈለገበት ተኝቶ የሚያድር ይመስለዋል። የሕዝብ መሆኑ እውነት ነው። መዋኘት፣ መቀመጥ፣ ዓሣ ማጥመድ ትችላላችሁ። ማደር ግን በተፈቀደ ቦታ፣ በስማችሁ በወጣ ፐርሚት (የፈቃድ ወረቀት) ብቻ ነው። "እሺ፣ መኪና ውስጥ እንተኛለን" የሚሉም አሉ። የሀዋይ ሕግ መንገድ ላይና በሕዝብ ቦታ የቆመ መኪናን ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማደሪያ ማድረግን ይከለክላል። መኪናው አልጋ ኖረው አልኖረው ለውጥ የለውም። ይሄን የሰማሁት የመጀመሪያው ጉዟችን የመጀመሪያ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ የመኪናው መስታወት በባትሪ ጫፍ ኳ ኳ ሲል ነው። ያንኳኳው ሕግ አስከባሪ ጨዋ ነበር። አልቀጣንም፤ "ተነሱና ሂዱ" ብቻ አለን። የት እንደምንሄድ ግን አልነገረንም።

ለምን መኪና ውስጥ ተኛን? በአንድ ሰዓት ስህተት። የካውንቲው ፐርሚት በኢንተርኔት ነው የሚሸጠው፤ የሚለቀቀው ከምታድሩበት ዓርብ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ባለው ዓርብ፣ በሀዋይ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። (በእኛ አቆጣጠር 11፤ ስልካችሁ ላይ 5 ፒኤም።) በበጋ የሄደ ጓደኛዬ "ሲያትል ምሽት 2 ሰዓት ላይ ግባ" አለኝ። እኔ የሄድኩት የካቲት 2023 ነው። ሀዋይ ሰዓት አይቀይሩም፣ እኛ እንቀይራለን። በክረምት ልዩነቱ ሁለት ሰዓት፣ በበጋ ሦስት ነው። እኔ በ2 ሰዓት ስገባ ቤሎስ ካለቀ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

ከመኪናው ከተባረርን በኋላ በድንጋጤ የግል ካምፕ ያዝኩ። ስሙን አልጠራም። በሰው በአዳር 25 ዶላር። ሲታይ ርካሽ ነው አይደል? ለአራት ሰው 100፣ ለሦስት አዳር 300፣ ከዚያ ላይ ለሆቴል የሚከፈለው ታክስ ወደ 18 ከመቶ ተደርቦ 354። መኪና ማቆሚያ ለብቻው። ሻወሩ "ሙቅ" ተብሎ ተጽፏል፤ ሙቅ የነበረው ፀሐይ ቧንቧውን ስትመታው ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የተሰጠን መሬት ደግሞ ኪያዌ ዛፍ ሥር ነበር።

ስለ ኪያዌ ትንሽ ልበል፤ ኪሳችንን ያስቀደደን እሱ ነው። አፋር የሄደ ሰው ግጦሹን የወረረውን ፕሮሶፒስ ያውቀዋል። ኪያዌ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ሀዋይ የገባው በ1828 አንድ የካቶሊክ ቄስ ሆኖሉሉ ላይ ተክሎት ነው፤ የሚገርመው ቡናም ኮና ላይ የተተከለው በዚያው ዓመት ነው። ቡናውን እሰይ፤ እሾሁ ግን የነጠላ ጫማ ሶል ሰንጥቆ ይወጣል። በካምፑ የመጀመሪያ ሌሊት ተነፍቶ የተኛንበት ፍራሽ በሁለተኛው ንጋት ቂጣ ሆኖ አገኘነው። ከዚያ የጎሚስታ ሥራ ጀመርኩ። ፍራሹን ጎትቶ ባሕር ውስጥ እየነከሩ አረፋ የሚወጣበትን መፈለግ። ሰባት ቀዳዳ። ከፍራሹ ጋር የመጣው ማጣበቂያ ለሁለት ብቻ በቃ። የቀረውን በብስክሌት መለጠፊያ ደፈንኩት፤ እሱም 6 ዶላር። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ባዶ እጃችሁን መሬቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሹ። እሾህ ካለ እጃችሁ ይነግራችኋል። ከሥር ወፍራም ሸራ አንጥፉ፤ ላስቲክ አይበቃም።

ሰኞ ከዚያ ወጥተን ሁለት አዳር የስቴት ፓርክ ገባን፤ ማላኤካሃና፣ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ላይ። የስቴቱ ዋጋ ለሀዋይ ነዋሪ በቦታ በአዳር 20፣ ለእንደኛ ዓይነቱ እንግዳ 30 ዶላር ነው። ሦስት አዳር ብትሉ 90፤ ማለትም የካውንቲው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቦታው መጥፎ ነው አልልም። ያምራል። ሰላም ነው። ችግሩ በሩ ነው፤ ከመሸ ይቆለፋል፤ የሚከፈተው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ለደኅንነት ጥሩ፣ ለሆዳም መጥፎ። ካሁኩ መንገድ ዳር ከመኪና ላይ የሚሸጡት ነጭ ሽንኩርት የተነከረ ሽሪምፕ አለ፤ እሱን ልንበላ ወጥተን ስንመለስ በሩ ተከርችሟል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሰዓቱ ተጽፏል። መኪናዋን ውጭ ትተን ምግባችንን ታቅፈን በእግር ገባን። ሌሊቱን ሙሉ መኪናዋ ተሰብራ ይሆን ስል አደርኩ። ኪራይ መኪና መስበር እዚያ የተለመደ ሌብነት ነው፤ ወንበር ላይ ጃኬት እንኳ አትተዉ።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፦ ኦአሁ ላይ ስቴቱም ካውንቲውም ከረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት እስከ ዓርብ ጠዋት ድንኳን አያስተክሉም። እኛ ረቡዕ ሥጋ እንጾማለን፣ እነሱ ድንኳን። ስለዚህ "ሳምንቱን ሙሉ በ32 ዶላር" የሚባል ነገር የለም። ረቡዕና ሐሙስ ሆስቴል ያዙ፣ ታጠቡ፣ ልብስ እጠቡ፣ ስልክ ቻርጅ አድርጉ። የሁለቱን ሌሊት ዋጋ በጀታችሁ ውስጥ ካላስገባችሁ፣ በኋላ እኔን እንዳትወቅሱ።

ሁለተኛው ጉዞ ሰኔ 2024 ነበር። ለ21ኛው ዓርብ፣ በ7ኛው ዓርብ ምሽት ሁለት ሰው በሁለት ኮምፒውተር፣ ካርድ በእጅ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ቤሎስን ያዝን። 32 ዶላር። ደረሰኙን ለባለቤቴ እንደ ዲፕሎማ አሳየኋት።

ቤሎስ ዋይማናሎ ውስጥ፣ የአየር ኃይሉ ቅጥር ግቢ በር በኩል ነው የሚገባው። ለካምፕ የሚከፈተው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት መልቀቅ ነው። አሸዋው እንደ ፉርኖ ዱቄት የላመ ነው። ጥላው ሸውሸዌ ነው፤ አዎ፣ አገር ቤት ግቢ ውስጥ የምናውቀው ሸውሸዌ። ነፋስ ሲያልፍበት ያው ድምፅ። የወደቀው ቅጠሉ ከድንኳኑ ሥር ፍራሽ ይሆናል፣ እሾህ የለውም። ኮኮነት ካለበት ግን ራቁ፤ ፎቶው ያምራል፣ ፍሬው አናት ይሰብራል። ጎረቤቶቻችን የደሴቱ ልጆች ነበሩ፤ አያት ከልጅ ልጅ ተሰብስበው ሥጋ ይጠብሳሉ። መሬት ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፣ መጥበሻ ምድጃ ላይ ግን ይቻላል። እኛ ቡና ስንቆላ ጭሱ ወደ እነሱ ሄደ፤ አንዷ እናት ተነስታ መጣች። እስከ ሦስተኛው ጠጣች።

ስለ ቡታጋዝ፦ ጣሳ ጋዝ በአውሮፕላን ይዞ መሄድ ክልክል ነው፣ በሻንጣም ቢሆን። ውድ የካምፕ ምድጃም አትሸከሙ። እዚያ የእስያ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠቀምበት ጠፍጣፋ፣ የቡቴን ጣሳ ከጎኑ የሚገባበት ምድጃ ተራ ሱፐርማርኬት ውስጥ አለ። እኔ 28 ዶላር ገዛሁ። ጀበና በደንብ ይቀመጥበታል። የተረፋችሁን ጣሳ ስትወጡ ለጎረቤት ስጡ።

አሁን ወደ ድንኳኑ። ቤሎስ የነፋስ ወገን ነው፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ቀን ከሌት ይነፍሳል። እኔ ደግሞ በኦንላይን የታዋቂ ብራንድ አርማ የተለጠፈበት "ኦሪጅናል" በ79 ዶላር ገዝቼ ነበር፤ እውነተኛው 260 ነው። ልዩነቱን ሳየው ተንኮሉን ማሽተት ነበረብኝ። ቅዳሜ ማታ አንዱ ዘንግ ቀጭ አለ። ሲሰበር ውስጡን አየሁት፤ አሉሚኒየም የተባለው ብርማ ቀለም የተቀባ ፋይበር ነው። ካስማዎቹም እንደ ሹካ የሚታጠፉ ናቸው። ጎረቤታችን አዛውንት ሳይነገራቸው መጡ፣ የቢራ ጣሳ በመቀስ ቀደዱ፣ ስብራቱ ላይ እንደ ቡና ስኒ ወረቀት ጠቀለሉት፣ ከላይ በፕላስተር አጠበቁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ድንኳን ስትገዙ ፎርጅድ እንዳይሆን አንድ ነገር ፈትሹ፦ ዘንጉን በጥፍር ጫሩት። ቀለም ከተነሳ መልሱት። ዚፑንም ገዝታችሁ እቤት ሃያ ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፤ የሚከዳ ከሆነ እዚያው ይክዳችሁ።

ቤሎስ ካለቀባችሁ? አጠገቡ ዋይማናሎ ቤይ አለ፤ እስከ ረቡዕ መቆየት የምትፈልጉ የአምስት ቀኑን በ52 ዶላር ያዙ። ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ካኔኦሄ ያለውን ሆኦማሉሂያ የተክል ቦታ አስቡት። 400 ኤከር፣ ከኮኦላው ተራራ ሥር፣ ጎርፍ ለመከላከል ተብሎ የተሠራ። ጸጥ ያለና በር ያለው ነው። መዋኘት የለም። ዝናብ ግን አለ፤ ሐምሌን ሲያትል ሆኖ የሚናፍቅ ሰው ካለ ናፍቆቱ እዚያ ይወጣለታል።

"ሌላዋ ደሴት፣ ማዊስ?" የሚለኝ አይጠፋም። ሃሌአካላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በአዳር 8 ዶላር ነው፤ የመኪና መግቢያ 30። ሦስት አዳር 54 ይመጣል፤ በወረቀት ላይ ጥሩ ዋጋ ነው። ግን ከኦአሁ ሌላ አውሮፕላን ትከፍላላችሁ፣ ሌላ መኪና ትከራያላችሁ። እላይ ያለው ሆዝመር ግሮቭ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ልትቀምሱ ሀዋይ ድረስ? ታች ባሕሩ አጠገብ ያለው ኪፓሁሉ ይሻላል፤ መንገዱ ግን ጥምዝምዝ ነው፣ የሚያጥወለውለው ሰው ፊት ወንበር ይቀመጥ።

ካዋይ ደሴት ላይ ያለው የካላላው የእግር ጉዞ ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል። ለእንግዳ በሰው በአዳር 35 ዶላር። አራት ሰው፣ ሁለት አዳር፣ 280። ያውም 11 ማይል ተራራ በእግራችሁ ሄዳችሁ፣ መመለሻውም 11 ነው። ለጉልበተኛ ይሁን፤ እኔ አልከፍልም።

ዋጋዎቹ እኔ ስሄድ የነበሩት ናቸው። ከመክፈላችሁ በፊት የካውንቲውን ገጽ ራሳችሁ እዩ፤ "ፐርሚቴን ልሽጥልህ" የሚላችሁን ሰው ደግሞ እለፉት፣ በሌላ ሰው ስም የወጣ ወረቀት በር ላይ አያስገባም።

ድንኳኔን የሚፈልግ ካለ አውሳለሁ። ምድጃውንም። በቢራ ጣሳ የታሰረው ዘንግ እስካሁን አለበት፤ ሦስተኛው ነው፣ ስታጥፉት ቀስ።