«ሁለቱም እዚሁ ውስጥ ነው» ብሎ የሸጠልኝ የጉበት መድኃኒት

ሆስፒታል በር ላይ ቆመው «እህቴ፣ ምን መድኃኒት አጣሽ?» የሚሉትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ትናንት አንዱን ተከትዬ ገባሁ።

አባዬ ሄፓታይተስ ሲ አለበት። የታዘዘለት ሶፎስቡቪር 400 እና ዳክላታስቪር 60 ሚሊግራም ነው፤ በቀን አንዴ፣ ለ12 ሳምንት። ሁለቱ በአንድ ፍሬ ተደርገውም ይመጣሉ። ይህን በደንብ ያስረዱኝ ወረፋ ስንጠብቅ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ናቸው። መድኃኒቱን ጨርሰው፣ መዳናቸውን የሚያረጋግጠውን ምርመራ ሊሰጡ ነበር የመጡት። የሁለቱንም ስም በራሳቸው እስክሪብቶ ካርዳችን ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። «ልጄ፣ ስትገዢ አውጥተሽ አመሳክሪ» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ልጁ ሦስት ብልቃጥ ደረደረልኝ፤ እያንዳንዱ 28 ፍሬ። ላዩ ላይ ያለው ሶፎስቡቪር ብቻ ነው። «ሌላኛውስ?» አልኩት። ክዳኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ሁለቱም እዚሁ ውስጥ ነው፤ አዲሱ እንዲህ ነው የሚመጣው» አለኝ። ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እጄ ዚፑ ላይ ደርሷል። ያላመንኩት እንዳይመስለው አፈርኩና መለስኩት። የዕቁቤን ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ እንኳ አልጠየቅኩም። ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ዚፕ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ዛሬ ጠዋት እዚያው ወረፋ ላይ አንዲት ልጅ ብልቃጡን አየችው። «ይሄ እኮ ግማሹ ነው። ብቻውን አይወሰድም» አለችኝና የራሷን አውጥታ አሳየችኝ፤ ሁለት ስም፣ ሁለት ቁጥር። ወረፋዋን ትታ አብራኝ ሄደች።

ልጁ ከስልኩ ቀና አላለም። «ግድግዳው ላይ አንብቢ» አለኝ። የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም ይላል። «ሁለቱም አለበት አላልከኝም?» ስለው «ዶክተር ነሽ?» አለኝ። ወዲያው ለገባችው ሴትዮ «አቤት እናቴ» አላት፤ ልክ ትናንት ለእኔ ባወጣው ድምፅ።

ሶፎስቡቪር በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር ነበረች። በ2014 የህንድ ፋብሪካዎች በፈቃድ እያመረቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለብዙ አገሮች እንዲሸጡ ባይደረግ ኖሮ የእኛ ቤት ስሙንም አይሰማ። ስንት ሰው ጮሆ ያወረደውን ዋጋ እሱ በአንድ ውሸት በላው።

ስትገዙ የሁለቱንም ስም ከማዘዣው ጋር አስተያዩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ሄፓታይተስ ቢ መመርመራችሁንም ጠይቁ፤ መድኃኒቱ የተኛውን ቢ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ልጅቷ እሷ የገዛችበትን ፋርማሲ አሳይታኛለች። ባለሙያዋ የእኔን ብልቃጦች አገላብጣ አይታ «ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ አባትሽ እንዳይነካው» አለችኝ። ሦስቱም ቁምሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። አባዬ ገና አልጀመረም።